የሜክ ዓይን እስኪበስል

ካኦሲዩንግ፣ ታይዋን
ኖቬምበር 12 ቀን 1989

ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አክስቴ ቶንግባይ፣

ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝዎት። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት? እኔ ደህና ነኝ። የጫማ ፋብሪካው ሥራ እንደ ድሮው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የግራ እግር ጫማ እሰፋለሁ፣ የቀኙን የምትሰፋው ሌላ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሙሉ ጫማ ሠርቼ አላውቅም።

አክስቴ፣ የምነግርዎት ነገር አለኝ። ፕራዩን የሚባል የአገራችን ሰው፣ የቡሪራም ልጅ፣ እዚህ ግንበኛ ሆኖ ይሠራል። ጨዋ ነው፣ አይጠጣም፣ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እንጋባ ብሎኝ እሺ ብያለሁ። ውላችን በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ያልቃል፤ አገር ገብተን ከአዲስ ዓመታችን ከሶንግክራን በዓል በፊት ሠርጋችንን እናደርጋለን። ከዚያ ባንኮክ ወንድሙ ቤት አንድ ክፍል አለችን።

እናቴ ከሞተች ወዲህ እናቴም አባቴም እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ የምለምነውም እርስዎን ነው። ለእናቴ ሠርግ አያቴ ጥንድ የሲሳዋት ድመት ሰጥታት ነበር። ጥንድ ሲሳዋት ያልገባበት ጎጆ ክዳን እንደሌለው ነው ይሉ የነበሩት እርስዎ ነዎት። የተወለዱልዎት ሁለት የድመት ግልገሎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ለእኔ ይሁኑልኝ?

እግርዎ ሥር ተንበርክኬ እጅ እነሳለሁ።

ልጅዎ ላምዱዋን


ፒማይ፣ የሩዝ አጨዳው ባለቀ በሳምንቱ

ልጄ ላምዱዋን፣

ዕድሜሽ ይርዘም፤ የሠራሽው ደግ ሥራ ሁሉ ከፊትሽ ይቅደምልሽ። ደብዳቤሽን ሳይፒን አነበበችልኝ። ታውቂያታለሽ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለችውን፣ ምላሷ ከእግሯ የሚቀድመውን። ራሴ ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፤ መነጽሬ ተሰብሮብኝ ነው። እዚያ አገር ፊደል አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር አለ ይባላልና ብታገኚ ላኪልኝ።

እንኳን ደስ ያለሽ። ቡሪራም ሩቅ አይደለም፣ ሰውም ይወጣዋል። የማይጠጣ ግንበኛ ግን በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም፤ በደንብ አሽትተሽዋል?

የጠየቅሻቸው ድመቶች ስማቸው ሜክና ፎን ነው። ሁለቱም ዝናብ ያዘለ ደመና መስለዋል፣ የጠጉራቸው ጫፍ ብቻ ብር የነካው ነው። አመላቸው ግን ለየቅል። ፎን የሁሉም ነች፤ ዓሣ ያሳያት ሁሉ ዘመዷ ነው። ሜክ የአንድ ሰው ድመት ነው። ከእኔ እጅ ሌላ አይበላም። ሳይፒን ልትደባብሰው እጇን ስትዘረጋ፣ ስብሰባ እንደ ሰለቸው ሹም ተነስቶ ይሄዳል። ፎን ጭኔ ላይ ከወጣች በግንባሩ ገፍቶ ያወርዳትና ቦታዋን ይይዛል። ቢርበው እንኳ አይጮህም፤ ፊቴ ቁጭ ብሎ እስካፍር ድረስ ያየኛል። ጫጫታ ከሰማ አልጋ ሥር ነው። አሁንም ይኸው ወረቀቱ ላይ ተኝቶብኝ መስመሬን አጣመመብኝ።

ይሁኑልሽ። ግን የእናቴን ሕግ ታውቂያለሽ። ሲሳዋት ሲወለድ ዓይኑ ሰማያዊ ነው፣ ከዚያ ማር ይመስላል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው አረንጓዴ የሚሆነው። እናቴ “ዓይኑ ሳይበስል የተሰጠ ድመት ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ሙሽራይቱም ተከትላው ትመለሳለች” ትል ነበር። አሁን ገና ማር ናቸው። ሲበስሉ ራሴ አይቼ እጽፍልሻለሁ። ይህን ብዋሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

አክስትሽ ቶንግባይ


ካኦሲዩንግ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1990

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። መነጽሩን ልኬያለሁ፤ ሻጩ ጉንዳንን ዝሆን ያደርጋል ብሎኛል። ከመነጽሩ ጋር አንድ ፎቶ አለ። ምንም አልነግርዎትም፤ አይተው እርስዎ ራስዎ ይጻፉልኝ። መልስዎን በጉጉት ነው የምጠብቀው።

ባንኮክ ያለችው ክፍላችን ከአውቶቡስ ጋራዥ በላይ ናት። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተር ማስነሳት ይጀምራሉ አለኝ ፕራዩን። ሜክ ይለምደው ይሆን?

የሠርግ ልብሴን ሐር መሸመን ጀመሩልኝ? የኛን አገር ቀይ፣ እናቴ የለበሰችውን ዓይነት ይሁንልኝ። የድመቶቹ ዓይንስ? አረንጓዴ ጣል አላደረገበትም? ሥራ ላይ ሆኜ እሱን ሳስብ ትናንት ሁለት የግራ ጫማ አንድ ላይ ሰፋሁ፤ አለቃዬ ሁለት ግራ እግር ላለው ሰው ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ።

ልጅዎ ላምዱዋን


ፒማይ፣ ሶንግክራን ባለፈ በሦስተኛው ቀን

ልጄ ላምዱዋን፣

አዲሱ ዓመት እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቃዛ ይሁንልሽ። መነጽሩ ደረሰኝ። ጥሩ ነው፤ አፍንጫዬን ይከብደዋል እንጂ።

ፎቶሽንም አየሁት። ወፍረሻል፣ ደስ ብሎኛል። አጠገብሽ የቆመችው ልጅ ማን ናት? ቁመቷ ያስቀናል። ያን ጸጉሯን ሰብሰብ ብታደርገው ግን ባል ታገኝ ነበር፤ እንዲህ ተዘናፍላ ማን ይወስዳታል?

ሐሩ ተጀምሯል። እጄ ስለሚደክመኝ ቀስ እያልኩ ነው። የድመቶቹን ዓይን ነገር ደጋግመሽ አነሳሽው። ማንጎ አይደለም፣ በጣት ተጭኖ አይታወቅም፤ ጊዜው ሲደርስ ይደርሳል። የጋራዡ ነገር ግን አልገባኝም። ሜክ የሰፈራችን ሹም ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ግማሽ ቀን ከአልጋ ሥር የማይወጣ ፍጥረት ነው። አውቶቡስ አናት ላይ ልታስቀምጪው ነው?

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ትንሽ ቃጭል ላኪልኝ፣ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ለሜክ አንገት። ለጌጥ ነው።

አክስትሽ ቶንግባይ


ካኦሲዩንግ
ሜይ 18 ቀን 1990

ለአክስቴ ቶንግባይ፣

ጤናዎን እመኛለሁ።

ፎቶው ላይ ያለው ፕራዩን ነው። ጸጉሩን ያሳደገው ተስሎ ነው፤ በሠርጋችን ቀን ብቻ ሊቆርጠው። እርስዎ ሰው ሲጠሉ በቀልድ እንደሚጀምሩ ስለማውቅ አልሳቅሁም። እሱ ግን ደብዳቤውን ሳነብለት ሳቀ፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ “ባል ትፈልጊልኛለሽ?” አለኝ።

ልጁን ካልወደዱት በግልጽ ይንገሩኝ። ስለ ዓይኑ ስጠይቅ ማንጎ ይሉኛል፣ ስለ ሐሩ ስጠይቅ እጄን ደከመኝ ይሉኛል። ድመቶቹን መስጠት ካልፈለጉም ይበሉኝ፤ ቢከፋኝም እችለዋለሁ። በነፃ መስጠት ከብዶዎት ከሆነ ብዬ በፖስታው ውስጥ ገንዘብ አድርጌያለሁ፣ ለጥንዱ። ቃጭሉም አብሮ አለ።

ላምዱዋን


ካኦሲዩንግ
ጁላይ 29 ቀን 1990

ለማከብርዎት፣ ለበደልኩዎት አክስቴ፣

ፖስታው ተመለሰልኝ። ቃጭሉን አስቀርተውታል፤ ገንዘቡ እንዳለ አለ፣ አንድ ቃል ግን የለበትም። ማሸጊያው ላይ አንዲት ግራጫ ጠጉር ተጣብቃ ነበር፤ እሷን ብቻ አስቀረሁ።

ምን እንዳደረግሁ ለፕራዩን ስነግረው እጁ ላይ የነበረውን ሩዝ አስቀመጠ። “ሲሳዋት ገዛሽ?” አለኝ። “በእኛ ሰፈር ሲሳዋት የገዛ ሰው ጥፍሩን ብቻ ነው የሚያገኘው። የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አይደለም። በይ ይቅርታ ጠይቂ፣ በእኔም ስም ጨምሪ።” እኔ የእርስዎ ልጅ ሆኜ ይህን ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁት። ያሳደገኝን እጅ ዋጋ ተመንኩለት። ይቅር ይበሉኝ አክስቴ፤ አፍሬያለሁ።

ፖስታውን አገላብጬ ሳየው ሌላ ነገር ታየኝ። ስሜን የጻፉበት ፊደል የጣት ያህል ነው። “ላምዱዋን” ከመስመሩ ወጥቶ ሄዶ ሄዶ ከጠርዙ ወድቋል። የድሮዎቹን ደብዳቤዎች አውጥቼ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ፊደሉ እየገዘፈ መጥቷል። እርስዎ እኮ ሐር ላይ ከጠጉር የቀጠነ ክር በዓይንዎ የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ።

አክስቴ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው? የድመቶቹን አይደለም የምጠይቀው።

ልጅዎ ላምዱዋን


ፒማይ፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት

ልጄ፣

ምርቃቴ ይድረስሽ። ቁጣዬም ወጥቶልኛል። ገንዘቡ የመጣ ቀን እህል አልቀመስኩም። አንቺን በምን ዋጋ እንዳሳደግኩሽ መጠየቅ ብቻ ነበር የቀረሽ። አለፈ፤ ከአሁን በኋላ ማናችንም አናነሳውም።

ዘንድሮ ዝናቡ እምቢ ብሎን ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ጥንቱ ድመት በቅርጫት ተሸክመን ሰፈሩን እንዙር፣ በየደጁ ውሃ ይርጩባት፣ ስታለቅስ ሰማይ ይሰማታል አሉ። አንዳንዱ በጨርቅ የተሰፋ ድመት ይበቃል ቢል ሹሙ “የጨርቅ ድመት የሚያመጣው የጨርቅ ዝናብ ነው” ብሎ እምቢ አለ። ከዚያ ሴት ሲሳዋት ያለችው እኔ ጋ ስለሆነ ፎንን ወሰዷት። ሲሳዋት ዝምተኛ መሆኑን የረሱት እዚህ ላይ ነው። አሥር ደጅ ውሃ ተረጨባት፣ እሷ እቴ፣ መዳፏን እየላሰች ትታጠባለች። ሹሙ ተናደደና ከበሮው ይጠንክር አለ። ያኔ ከቅርጫቱ ዘላ ጠፋች።

ጩኸቱን ሰምቼ እሷን ፍለጋ ወጣሁ። ብቻዬን ነው የወጣሁት፤ ሜክ ከበሮውን ፈርቶ አልጋ ሥር ነበር። ስልሳ ዓመት የሄድኩበት መንገድ ነው ብዬ ነው። ልጄ፣ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ጭቃው እስከ ወገቤ ያዘኝ፣ ብጮህ ከከበሮው በላይ ማን ይስማኝ? እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ቃጭሉን ሰማሁት። ያ የሞተር ሳይክል ድምፅ የሚያንቀጠቅጠው ሜክ፣ ያን ሁሉ ከበሮ አቋርጦ መጥቶ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቆመ። ከዚያ አለቀሰ። ከተወለደ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ እንደ ሕፃን ልጅ ነው ያለቀሰው። ሳይፒን ሰምታ እስክትመጣ አላቋረጠም። ማታውኑ ዘነበ። ሰፈሩ ሁሉ ዝናቡን ያመጣው የሜክ ለቅሶ ነው ይላል። ፎን በማግስቱ ገዳሙ ማድ ቤት ዓሣ ስትበላ ተገኘች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ማለት ይኸው ነው።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ዓይኔን ሞራ ለብሶታል፣ ሁለት ዓመት ሆነው። መነጽሬ አልተሰበረም። ሁሉን ነገር በጉም ውስጥ ነው የማየው። ፎቶሽ ላይ የታየኝ ሁለት ፊት የሚመስል ነገር ነው፣ አንዱ ጸጉረ ረጅም። ሳይፒንን ብጠይቃት ሰፈሩ ይሰማል ብዬ በግምት ጻፍኩት። ፕራዩንን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ባል አይፈልግም።

የሜክን ዓይን አላውቀውም። አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ብርሃን ነው የሚታየኝ፣ ቀለም የለውም። ቃጭሉ ለጌጥ አልነበረም። በየጠዋቱ ከፊቴ እየሄደ ጉድጓዱ ድረስ ያደርሰኛል። ስቆም ይቆማል። የማንጎው ዛፍ ሥር መንገዱ ላይ የወጣበት ጋ ሲደርስ እግሬ ላይ ይታከከኛል። ማንም አላስተማረውም። ድመቱን ነፍጌሽ አይደለም ልጄ። እሱን ከሰጠሁ ጉድጓዱን በምን እንደማገኘው አላውቅም፤ ፈርቼ ነው።

ክሊኒክ ያለችው ነርስ ከተማ ከሄድሽ ይገፈፍልሻል ብላኛለች። አጎትሽም ከተማ ሆስፒታል በእግሩ ገብቶ በሰው ትከሻ ነው የወጣው። ደግሞስ ብተኛ ሜክን ማን ያበላዋል? ከሌላ ሰው እጅ አይበላም አላልኩሽም? ይብቃኝ። ቃሌ ቃል ነው፤ ስትመጪ ሁለቱንም ትወስጃቸዋለሽ።

አክስትሽ ቶንግባይ


ካኦሲዩንግ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1990

ለምወድዎት አክስቴ፣

ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ አንብቤ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ የቀኝ ጫማ የምትሰፋው ጓደኛዬ ማን ሞተ አለችኝ። ማንም አልሞተም አልኳት።

ሳይፒን፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ስለሆንሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ ይቺን መስመር እንዳትዘልያት።

አክስቴ፣ ድመቶቹን አልቀበልም። የአያቴ ሕግ ዓይኑ ሳይበስል አይሰጥም ይላል፣ እርስዎም ራሴ አይቼ እጽፍልሻለሁ ብለው ምለዋል። እንግዲህ በገዛ ዓይንዎ አይተው የሜክን ዓይን ቀለም እስኪጽፉልኝ ድረስ ሠርግ የለም። የሳይፒን ምስክርነት አይቆጠርም። ሠርግ ከሌለ ፕራዩን ጸጉሩን አይቆርጥም፤ አሁን ወገቡ ላይ ሊደርስ ነው፣ አለቃው መጠቅለያ መረብ ሰጥቶታል። ኃጢአቱ በእርስዎ ነው።

ሜክን ስለማብላት አስበንበታል። የለበሱትን ሸሚዝ ሳይታጠብ ቅርጫቱ ውስጥ ይተዉለት። ሳይፒን ምግቡን አጠገቡ አስቀምጣ ትሂድ፣ ቁማ አትየው፣ አታናግረው። ጠረንዎ ካለ ይበላል። ሁለት ቀን ቢጾም አይሞትም።

ባንኮክ ቀርቷል። ፕራዩን ነው የተናገረው፤ የእርስዎን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አስነብቦኝ ሲያበቃ “በእኛ አገር ወንዱ ነው ወደ ሴቷ ቤት የሚገባው። እኔ ከማን በልጬ ነው ባንኮክ የምወስድሽ?” አለኝ። ከእርስዎ ቤት አጠገብ፣ ከሁመሩ ዛፍ ወዲያ ባለው ባዶ ቦታ ቤት ይሠራል። ግንበኛ መሆኑን አይርሱ። ጉድጓዱን ብቻዎን የሚፈልጉበት ቀን አይመጣም፤ ቢታይዎትም ባይታይዎትም እኔ አለሁ። ግን ይዩ አክስቴ። ስመጣ እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ።

ልጅዎ ላምዱዋን


ፒማይ፣ አጨዳው ሊጀመር ሲል

ልጄ ላምዱዋን፣

የተመኘሽው ሁሉ ይሁንልሽ፣ እንደ እኔም ግትር ልጅ ይስጥሽ። የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ዛሬ እንደገና አነበብኩት። ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ሳይፒን ለእሷ የጻፍሽላትን ያቺን መስመር ዘልላታለች፤ ነገርኳት፣ ተጣልተናል።

የቀኝ ዓይኔ ተገፈፈ። ግራው ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ነው። አልጋው ላይ ሳለሁ፣ አልዋሽሽም፣ አጎትሽን እያሰብኩ ነበር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ እጄን ይዛ ስለ ድመቴ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ተናግሬ ሳልጨርስ አለቀ።

ሸሚዜን ትቼለት ነበር የሄድኩት። ሁለት ቀን ጾመ፣ በሦስተኛው ቀን ሸሚዙ ላይ ቁጭ ብሎ በላ። ከአውቶቡስ ወርጄ ግቢ ስገባ ሮጦ መጣና መድኃኒቱ ሸትቶት ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ። እኔም ቆምኩ። ሁለታችንም ተያየን።

አረንጓዴ ነው ልጄ። ዝናብ ያጠበው የሩዝ ችግኝ ነው። በጥቁሩ ዙሪያ ብቻ እንደ ክር የቀጠነች የማር ቀለበት ቀርታለች። መቼ እንደበሰለ አላውቅም፤ ያን ሁሉ ጊዜ እያየኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። መሬት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሐኪሟ ማልቀስ ከልክላኝ ነበር።

ቀጥሎ ፎቶሽን አወጣሁ። ወፍረሻል ያልኩሽን ሰርዥው፤ ከስተሻል፣ እዚያ አገር ምን ያበሉሻል? ፕራዩን ደግሞ ጢም አለው። ጢም ያላትን ልጅ ባል ታገኛለች አልኩ ማለት ነው። ፊቱ ደግ ነው። ጸጉሩን ይቁረጥ፣ ሠርጉ አለ።

ሐሩንም አየሁት። በጉሙ ውስጥ ሆኜ የሸመንኩት ክንድ ያህል ይሆናል፣ ክሩ እየዘለለ ነው። ልፈታው መቀስ አንስቼ ተውኩት። ከውስጥ በኩል ይታጠፋል፣ ማንም አያየውም፤ አንቺ ግን እወቂው።

ሜክ ዛሬም ጠዋት ቃጭሉን እያሰማ ከፊቴ ወጣ። ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታየኛል፣ የማንጎውም ሥር ከሩቅ ታየኝ። እሱ ግን ሥሩ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆሞ እግሬን ታከከኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ ተሻገርኩ። በሠርጋችሁ ቀን እንደ ወጋችን ነጩን የምርቃት ክር እጃችሁ ላይ ካሰርኩ በኋላ እሱንና ፎንን በእጄ እሰጥሻለሁ። ያን ቀን እነግረዋለሁ። ዓይኔ እንደበራልኝ እስካሁን አልነገርኩትም።

አክስትሽ ቶንግባይ